የማን ከብት ነው?

ጥር ሲገባ የቦርከና ውሃ ሸሽቶ የተወውን ሳር ፍለጋ ከአፋር ቆላ ከብቱም ግመሉም ሽቅብ ወደ ጨፋ ይመጣል። የኦሮሞው፣ የአርጎባውና የአፋሩ መንጋ አንድ ረግረግ ላይ ይውላል። የእንስሳት ሐኪም ነኝና ያን ሰሞን የእኔም ውሎ የበረዶ ሳጥን ተሸክሜ ከዚያው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአባ ሰንጋ ክትባት ስንሰጥ፣ በእንጨቱ ማጎሪያ ከተሰለፉት መሃል ቀንዳቸው የረዘመ ሰባት የአፋር ላሞች ገቡ። መዝጋቢው ልጅ ብዕሩን አነሳ። «እነዚህ የኛ ወረዳ አይደሉም፤ ክትባቱ የመጣው በወረዳው ከብት ልክ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ከበላይ የተላከልን ቅጽም የሚለው ይህንኑ ነው። የማጎሪያውን አግዳሚ የያዙት የከሚሴ ሽማግሌ ግን ሳቁና «ልጄ፣ በሽታው ቀበሌ ጠይቆ ነው እንዴ የሚገባው?» አሉት። ሰባቱንም ወጋኋቸው። በሪፖርቱ ላይ «የባከነ፦ ሰባት» ብዬ ሞላሁ።

የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞናችን በአማራ ክልል ውስጥ የራሱ የብሔረሰብ ምክር ቤት አለው። ሰው በቋንቋው መማሩንና መዳኘቱን አላቃልልም። ነገር ግን የእኛም፣ የአፋሩም፣ የሰሜን ሸዋውም ተመራጭ ድምፅ የሚያገኘው ከየወሰኑ ነው። ሳሩ ላይ የሚገናኙት ሰዎች በጋራ የመረጡት አንድም ሰው የለም። በአካባቢያችን የተነሳውን ጠብ ሁሉ ሳር ወለደው ማለቴ አይደለም፤ ሚያዝያ 2013 የአጣዬን ከተማ ያቃጠለው፣ ጥቅምት 2014 የሰሜኑን ጦርነት ከሚሴ ያስገባው ሌላም ብዙ ነገር ነው። መንገድ ሲዘጋ ግን መጀመሪያ የሚከስረው ለሰንበቴ እሑድ፣ ለባቲ ሰኞ በሬ የሚነዳው ሰው ነው። እሱ ደግሞ አማራም፣ ኦሮሞም፣ አፋርም ነው።

ሳርን በሥርዓት መካፈል አዲስ ነገር አይደለም። በማሊ፣ የኒጀር ወንዝ በሚያጥለቀልቀው ሜዳ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የማሲና መንግሥት መንጋ መቼና በየት እንደሚገባ ሥርዓት አበጅቶ ነበር። ዛሬ ግን በዚያው አካባቢ የፉላኒ አርቢና የዶጎን ገበሬ ደም ተቃብተዋል።

እኛ ግን ሩቅ ሳንሄድ የምንማርበት አለን። «ደስታ» የምንለው የከብት በሽታ (ስሙን ያወጣለትን ሰው ባገኘሁት!) በምኒልክ ዘመን ክፉ ቀንን ያመጣው ነው። በኋላ ከመጨረሻ መደበቂያዎቹ አንዱ አፋር ሆነ። የመንግሥት የክትባት ቡድን እዚያ በረሃ በወጉ አይደርስም ነበር፤ በረዶውም ይቀልጥ ነበር። በ1986 ግን ሙቀት የሚችል ክትባት መጣና መርፌው ጎሳው ራሱ ለመረጣቸው አርብቶ አደሮች ተሰጠ። ከኅዳር 1988 ወዲህ በሽታው አገራችን ውስጥ አልታየም፤ በ2003 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከአፋር የጠፋው ሽማግሌ የሚያምነው፣ መንጋው የት እንዳደረ የሚያውቅ ሰው ስለተመረጠ እንጂ እኛ ባለዲግሪዎቹ ስለሮጥን አይደለም። እንዲህ ያለው ምርጫ በምርጫ ቦርድ መዝገብ አይገባም፤ ለእኔ ግን ካየሁት ዴሞክራሲ ሁሉ ውጤቱ በዓይን የታየው እሱ ነው። ጨፋም ሳሩን የሚያከፋፍል፣ ሳሩ ላይ ከሚገናኙት ወገኖች ሁሉ የተመረጠ እንዲህ ያለ ጉባኤ ያስፈልገዋል፤ አበልና ማኅተም ያለው፣ ጠብ ከተነሳ በኋላ ለዕርቅ ብቻ የማይጠራ።

የመጪውን በጋ የክትባት ጥያቄ ባለፈው ሳምንት ልኬያለሁ። ቅጹ ለአፋር ከብት ዓምድ ስለሌለው ከግርጌው በእጄ ጽፌበታለሁ።