ስለ «ተሽከርካሪ ወንበር» እና ተዛማጅ ስያሜዎች

አረጋውያን ለመንቀሳቀስ የሚገለገሉባቸውን መሣሪያዎች የሚመለከት ሰነድ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ፣ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎ ወይም በሻምቡ ሥራ ላይ እንዲውል ወደ አፋን ኦሮሞ ሲመለስ፣ በመጀመሪያው ትርጉም የነበረው የስያሜ ጉድለት አብሮ ይሻገራል። ይህ ጽሑፍ የዋና ዋናዎቹን ስያሜዎች ልዩነት ለማብራራት ይሞክራል።

ዕቃው በአፍ «ዊልቸር»፣ በጽሑፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ተሽከርካሪ ወንበር» ይባላል። «ተሽከረከረ» መዞርን ስለሚያመለክት፣ ይኸው ሐረግ ባለበት ለሚዞረው የቢሮ ወንበርም ያገለግላል፤ በግዥ ሰነድ ላይ ማብራሪያ ካልተጨመረ ሁለቱ አይለዩም። «ባለመንኰራኵር ወንበር» ቢባል ትርጉሙ የቀና ነው፤ ሆኖም «መንኰራኵር» ዛሬ የጠፈር መጓጓዣ ስም ሆኗል።

ሁለተኛው ችግር የኃይል ምንጭን ይመለከታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካናዳዊው መሐንዲስ ጆርጅ ክላይን ከባልደረቦቹ ጋር ለቆሰሉ ወታደሮች በሞተር የሚሄድ ወንበር ሠርቷል። ይህን «የኤሌክትሪክ ወንበር» ማለት አይገባም፤ የሞት ቅጣት መፈጸሚያውን ያሳስባልና። ልዩነቱን ሳይገልጹ «ዊልቸር» ብቻ ብሎ ማለፍም ይጐዳል። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ዳገትና ዝናም የበዛባት ከተማ ናት። በእጅ የሚነዳው ወንበር የክንድ ጉልበት ይጠይቃል፤ አረጋዊ የሚያጣውም ይህንኑ ነው። ባለሞተሩ ደግሞ ባትሪ፣ መብራትና ጠጋኝ ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው «የአካል ጉዳተኞች ወንበር» የሚለው ነው። ስያሜው ዕቃውን ትቶ ባለቤቱን ይጠራል። ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት «እርጅና ነው እንጂ ጉዳተኛ አይደለሁም» ብለው ቅጹን ሊያልፉት ይችላሉ። የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በዊልቸር ከሚገለገሉት ጐን መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት የሚሳናቸውን ለይቶ መጥቀሱ በዚህ ረገድ ጥሩ አብነት ነው።

በትናንሾቹ መሣሪያዎችም ጥንቃቄ ያሻል። «ከዘራ» እጀታው የተቈለመመ በትር ነው፤ «ምርኩዝ» ግን ከ«ተመረኰዘ» የወጣ በመሆኑ የሚደገፉበትን ሁሉ ይይዛል። የአፋን ኦሮሞው «ኡሌ» ማናቸውንም በትር ስለሚያጠቃልል ገላጭ ቃል ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ሕዝብ የለመደው «ዊልቸር» ጠቅላላ ስያሜ ሆኖ፣ «በእጅ የሚነዳ»፣ «ሰው የሚገፋው» እና «ባለሞተር» በሚሉት ቅጽሎች ቢለይ ይመረጣል። ስያሜው መሣሪያውን ሲጠራ፣ የሚያስፈልገው ሁሉ ለመጠየቅ አያፍርም።