በሰው ፊት መናገር እንዴት ሕክምና ይሆናል?

«ገመናዬን በማላውቃቸው ሰዎች ፊት እንዴት አወራለሁ?» የቡድን የሥነ ልቦና ሕክምና እንዲሞክር የተመከረ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ ይህ ነው። የቤቱን ችግር ለጎረቤት እንዳያወራ ተመክሮ ላደገ ሰው ስጋቱ እውነተኛ ነው።

በተለመደው አሠራር ከ5 እስከ 10 የሚሆኑ ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። የሚመራቸው የሠለጠነ ባለሙያ ነው፤ አንዳንዴም ሁለት ይሆናሉ። አሠራሩ ዕድሜ ጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ጆሴፍ ፕራት የተባለ የቦስተን ሐኪም፣ ማገገሚያ ተቋም ለመግባት አቅም ያነሳቸውን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በየሳምንቱ እየሰበሰበ ስለ ዕረፍት፣ ስለ ምግብና ስለ ንጹሕ አየር ያስተምር ጀመር። ሕሙማኑ ከትምህርቱ ሌላ እርስ በርስ መበረታታትንም አገኙ።

ጥቅሙን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ኡጋንዳ ትበቃለች። እ.ኤ.አ. በ2002 በማሳካና በራካይ አውራጃዎች በሚገኙ 30 መንደሮች ጥናት ተካሄደ። ኤች አይ ቪ ክፉኛ የጎዳው አካባቢ ነው፤ ድባቴው ብዙ፣ ሐኪሙ ጥቂት፣ መድኃኒቱ ከገበሬው አቅም በላይ። መንደሮቹ በዕጣ ተከፈሉ። በግማሾቹ ድባቴ የያዛቸው ሰዎች፣ ወንዶች ለብቻ ሴቶች ለብቻ ሆነው፣ በየሳምንቱ ለ90 ደቂቃ፣ ለ16 ሳምንታት ተገናኙ። የመሯቸው ለሁለት ሳምንት ብቻ የሠለጠኑ የአካባቢው ተወላጆች ነበሩ። የተነጋገሩትም በዋናነት ስለ ሐዘን፣ ከቅርብ ሰው ጋር ስለተፈጠረ ጠብና ኑሮን ስለሚያናውጥ ለውጥ ነው። በመጨረሻ ድባቴ ያልለቀቃቸው 6.5 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ ቡድን ባልተቋቋመባቸው መንደሮች ግን 54.7 በመቶ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ይህንኑ ዘዴ የሚያስተምር መመሪያ አወጣ።

ለምን ይሠራል? አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኢርቪን ያሎም እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ለቡድን ሕክምና ፈዋሽነት በርካታ ምክንያቶችን ይዘረዝራል። አንዱ «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» የሚለው ዕረፍት ነው። ልጇን ያጣች እናት እናስብ። በለቅሶው ሰሞን ቤቷ በሰው ይሞላል፤ ውሎ አድሮ ግን «በቃ፣ እግዜር የወሰደውን ምን ይደረጋል» ይሏታል፤ እሷም ዝም ትላለች። በቡድኑ ውስጥ ግን ሌላዋ «ሦስት ዓመት አለፈኝ፤ ልብሱን ግን እስካሁን ከቁም ሳጥን አላወጣሁም» ስትል ትሰማለች። የሚያጽናና ቃል ማንም አልነገራትም፤ ሆኖም ለብቻዋ የተሸከመችው ነገር የሌላ ሰውም እንደሆነ አወቀች።

ከሁሉም ትልቁ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ታማሚው ራሱ ረዳት መሆኑ ነው። ድባቴ ሰውን «ለማንም አልጠቅምም፤ ሸክም ነኝ» ያሰኘዋል። ይህን ሐሳብ ሐኪም በክርክር አይነቅለውም። ያ ሰው ትናንት የተናገረው ነገር ሌላውን እንዳበረታው በጆሮው ሲሰማ ግን ሐሳቡ መላላት ይጀምራል። ይህን የግል ሕክምና በቀላሉ አይሰጥም።

ወደ ገመናው ጥያቄ ልመለስ። ከመግባትዎ በፊት ባለሙያው አብዛኛውን ጊዜ ለብቻዎ ያነጋግርዎታል። እዚያ የሰሙት እዚያው እንዲቀር ሁሉም ቃል ይገባሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ባለሙያው ምሥጢር የመጠበቅ የሙያ ግዴታ አለበት፤ አባላቱን የሚያስራቸው ግን ቃላቸው ነው። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ደግሞ ባለሙያው ዝም አይልም። ስለዚህ መተማመኑ ቀስ በቀስ ይገነባል፤ በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም እንዲናገር የሚጠበቅበት ሰው የለም። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ትንሽ ማኅበረሰብ፣ ለምሳሌ በውጭ አገር ባሉ ሐበሾች መካከል፣ የሚያውቁት ሰው በቡድኑ ውስጥ እንዳይገጥምዎ ቀድመው ለባለሙያው መንገር ይችላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምቾት አይሰጡም። ዝምታው ይረዝማል፤ አንዳንዱ ከገባበት ይልቅ ከብዶት ይወጣል። ከአባላቱ አንዱ ሊያናድድዎትም ይችላል። ያኔ ከመቅረት ይልቅ ንዴቱን እዚያው መናገር ይሻላል፤ ከሰው ጋር እንዴት እንደምንጋጭና እንደምንታረቅ የሚታየው እዚያ ነውና።

ለሁሉም አይሆንም። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ወይም ከእውነታው የራቀ ሰው በቅድሚያ አስቸኳይ የግል ሕክምና ያስፈልገዋል። ለሌላው ግን ከመጀመሩ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ፦ መሪው ምን ሠልጥኗል? ቡድኑ ከተጀመረ በኋላ አዲስ ሰው ይቀበላል? ስንት ሳምንት ይቆያል? ማቋረጥ ቢፈልጉስ እንዴት ይሰናበታሉ?