ስኳርና የሰውነታችን ጠባቂዎች

በየጉባኤያችን የስኳር ሕመም ያለባቸው ወንድሞችና እህቶች አሉ። ከእነርሱ አንዱ ከሆናችሁ፣ “አንቲኦክሲዳንት ያለበት ነው፣ ከስኳር ያድናል” ተብሎ የሚሸጥ እንክብል ግዙ ተብላችሁ ይሆናል። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ነገሩን አብረን እንመልከት።

ምግብ በሴሎቻችን ውስጥ ወደ ኃይል ሲለወጥ ጎጂ የሆነ የኦክስጅን ዓይነት ይፈጠራል። ዝገት ብረትን እንደሚበላ ይህም ሴሎችን ይጎዳል። ፈጣሪያችን ግን ያለ ጠባቂ አልተወንም። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚዩቴዝ የተባለው ኢንዛይም ጎጂውን ኦክስጅን ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለውጠዋል። የዚህን ኢንዛይም ሥራ ማክኮርድና ፍሪዶቪች የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ገልጸውታል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ራሱ ጎጂ ስለሆነ ካታሌዝና ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ተቀብለው ውኃ ያደርጉታል።

በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ግን በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ጎጂው ኦክስጅን ይጨምራል። ትርፉ ስኳርም በኢንዛይሞቹ ላይ እየተጣበቀ ያደክማቸዋል። በብዙ ጥናቶች የኢንዛይሞቹ ሥራ ቀንሶ ታይቷል፤ በአንዳንዶቹ ደግሞ ሰውነት ጉዳቱን ለመቋቋም ሲታገል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ጥቃቱ ከመከላከያው ሲበልጥ ዓይን፣ ኩላሊትና ነርቭ ይጎዳሉ።

ታዲያ እንክብል ብንጨምርበትስ? እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሆፕ የተባለ ጥናት ከ9,000 በላይ ሰዎችን አሳትፎ ነበር፤ ብዙዎቹም የስኳር ሕመምተኞች ነበሩ። ቫይታሚን ኢ ከድንገተኛ የልብ ሕመምም ሆነ ከስትሮክ አልጠበቃቸውም። በእንግሊዝ አገር ከ20,000 በላይ ሰዎች የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ጥናትም ቫይታሚን ኢን፣ ሲንና ቤታ ካሮቲንን በአንድነት ሰጥቶ ጥቅም አላገኘም።

ጠባቂዎቹን የሚረዳቸው ጥቃቱን ከምንጩ መቀነስ ነው። ይኸውም የታዘዘውን መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ፣ ምግብን መመጠን፣ በየቀኑ መራመድና ስኳርን መለካት ነው።

ጸሎትስ? አዎን፣ እንጸልይ! ጳውሎስ የጸሎት ሰው ነበር፤ ሆኖም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም መክሮታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)፤ ወዳጁ ሉቃስም ሐኪም ነበር (ቆላ. 4፥14)። ስለዚህ ከተጸለየላችሁ በኋላ ተመርመሩ፤ ሐኪም ሳይፈቅድ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ። የጌታ ፈውስ ምርመራን አይፈራም።