ደመወዝ በባንክ ሲከፈል ዝርዝሩ የት ይቀራል?

እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ላይ የምትገኘው ሱሉልታ፣ በጅማ መንገድ ያለችው ሰበታና በአምቦ መንገድ ያለችው ቡራዩ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች የአዲስ አበባ አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ከመጠቃለላቸው አስቀድሞ፣ ከወተትና ከእህል ገበያነት አልፈው የደመወዝተኛ ከተሞች ሆነው ነበር። በሱሉልታ የታሸገ ውሃና የቆዳ ፋብሪካዎች ተተክለዋል፤ ወረድ ብሎ በደርባ ትልቁ የሲሚንቶ ፋብሪካ ይገኛል፤ ሰበታ ደግሞ ከሜታ አቦ ቢራ ጀምሮ በዓለም ገና እስከተከፈቱት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ድረስ ብዙ ሺህ ሠራተኛ ያሰባሰበች ከተማ ናት። ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡና የመጀመሪያ የባንክ ሂሳባቸውን የከፈቱት ለመቆጠብ ፈልገው ሳይሆን አሠሪያቸው ደመወዛቸውን በባንክ ብቻ እንደሚከፍል ስላሳወቃቸው ነው።

የቀድሞው አከፋፈል ሥርዓት በገንዘብ ያዡ መስኮት ላይ የተመሠረተ ነበር። የሂሳብ ክፍሉ በተለምዶ «ፔይሮል» የሚባለውን የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ያዘጋጃል፤ ገንዘብ ያዡ ከባንክ ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ በጥበቃ ታጅቦ ያመጣል፤ ሠራተኛው በተራው ቀርቦ ከስሙ ትይዩ ያለውን ጥቅል ደመወዝ፣ ተቀናሽና የተጣራ ክፍያ አይቶ ይፈርማል፤ መጻፍ የማይችል የጣት አሻራውን ያኖራል። ይህ ሥርዓት ብዙ ጉድለት ነበረበት። ገንዘቡ በመንገድ ላይ ለዘረፋ ይጋለጣል፣ ቆጠራው የሥራ ሰዓት ይበላል፣ ዝርዝር ሳንቲም ጠፋ ተብሎ ሽርፍራፊው ይቀራል፣ ከሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ስም ከዝርዝሩ ሳይወጣ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ሆኖም ሠራተኛው በወር አንድ ጊዜ የደመወዙን አሠራር በዓይኑ የሚያይበትና «ይህ ቅናሽ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት አጋጣሚ ነበረው።

ወደ ባንክ የተደረገውን ሽግግር ካፋጠኑት ነገሮች ዋነኛው የጥሬ ገንዘብ ገደብ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በግንቦት 2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አንድ ግለሰብ በቀን ከ200 ሺህ ብር፣ አንድ ድርጅት ደግሞ ከ300 ሺህ ብር በላይ ጥሬ ገንዘብ ከባንክ እንዳያወጣ ከለከለ፤ መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ለውጥ ይፋ በሆነበት ወቅትም ገደቡ ይበልጥ ጠበቀ። ብዙ መቶ ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ የወር ደመወዙን በአንድ ቀን ቆጥሮ የሚከፍልበት መንገድ በዚህ ጠበበ። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ደግሞ የባንክ ቅርንጫፍ በሌለበት አካባቢ ለሚኖር ሠራተኛ ሁለተኛ አማራጭ ተፈጠረ።

አሠራሩ በራሱ ውስብስብ አይደለም። አሠሪው ለባንኩ ቅርንጫፍ ማኅተምና ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ፊርማ ያረፈበት ደብዳቤ ይጽፋል፤ ከደብዳቤው ጋር የሠራተኞቹ ስም፣ የሂሳብ ቁጥርና የተጣራ ክፍያ የሰፈረበት ዝርዝር በወረቀትና በኮምፒውተር ፋይል ይቀርባል፤ ባንኩ ጠቅላላ ድምሩን ከድርጅቱ ሂሳብ ቀንሶ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ገቢ ያደርጋል። ችግር የሚፈጠረው በጥቃቅኑ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሂሳብ ቁጥር 13 አሃዞች አሉት፤ ከእነዚህ አንዱ ሲሳሳት ገንዘቡ ይመለሳል፣ ባስ ሲልም ወደ ሌላ ሰው ሂሳብ ይገባል። ሠራተኛው በቅጥር ፎርሙ ላይ በአባቱ ስም ብቻ ተመዝግቦ በመታወቂያው ላይ የአያቱ ስም ሲጨመር፣ ወይም ስሙ በላቲን ፊደል በሁለት ዓይነት ሲጻፍ ባንኩ ሁለቱን ስሞች አንድ አድርጎ ለመቀበል ይቸገራል። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ፋይዳ የተባለው መታወቂያ ሂሳብ ለመክፈት መጠየቅ ከጀመረ ወዲህ ይህ መቀረፍ ይገባው ነበር፤ የሚቀረፈው ግን አሠሪው የሠራተኛውን ስም በፋይዳው መሠረት ካስተካከለ ብቻ ነው። ከሁሉም የሚከፋው የድርጅቱ ሂሳብ በቂ ገንዘብ ሳይኖረው ዝርዝሩ ሲላክ ነው፤ ያን ጊዜ ሠራተኛው ከድርጅቱ «ለባንክ ልከናል» የሚል መልስ፣ ከባንኩ ደግሞ «አልገባም» የሚል መልስ ይሰጠውና በሁለት መስኮቶች መካከል ሲመላለስ ይውላል።

ባንኩን የሚመርጠው በአብዛኛው አሠሪው መሆኑም መነሳት አለበት። ባንኮች የፋብሪካ ደመወዝ ወደ እነርሱ እንዲዞር ይፎካከራሉ፤ ከድርጅቱ በር አጠገብ ኤቲኤም ይተክላሉ፣ ለድርጅቱ ብድር ያመቻቻሉ፣ ለሠራተኛውም የደመወዝ ብድር ያቀርባሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ባንኩን የመምረጥ መብት እንዳለው በግልጽ አይደነግግም። በመሆኑም ከሰበታ ለቆ ሱሉልታ የተቀጠረ ሠራተኛ አዲስ ሂሳብ ይከፍታል፤ አሮጌው ጥቂት ብር እንደያዘ ይተኛል።

ሕጉ በዋናነት የተጻፈው ጥሬ ገንዘብን ታሳቢ አድርጎ ነው። ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ደመወዝ በሥራ ቀንና በሥራ ቦታ እንዲከፈል፣ የመክፈያው ቀን እሑድ ወይም የሕዝብ በዓል ላይ ከዋለ ከዚያ በፊት ባለው የሥራ ቀን እንዲከፈል፣ ክፍያውም ለሠራተኛው ራሱ ወይም እርሱ ለወከለው ሰው እንዲሰጥ ያዛል። የዚህ ዓይነት ድንጋጌ ከየት እንደመጣ ለመረዳት የውጭውን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። በእንግሊዝ ፋብሪካዎች ሠራተኛን በገንዘብ ፋንታ በራሳቸው ሱቅ ዕቃ የመክፈል ልማድ ስለነበራቸው እ.ኤ.አ. በ1831 የወጣው ሕግ ደመወዝ በሳንቲም እንዲከፈል አስገደደ፤ ደመወዝን በባንክ መክፈል በሠራተኛው የጽሑፍ ጥያቄ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1949 ያጸደቀው የደመወዝ ጥበቃ ስምምነት ደግሞ ደመወዝ በመጠጥ ቤት ውስጥ እንዳይከፈል እስከመከልከል ደርሷል፤ ይህን ያነሳሳው የደመወዝ ቀን የመጠጥ ልማድ ለኢትዮጵያ አንባቢም እንግዳ አይደለም።

በባንክ መክፈል ጥቅም እንዳለው አያጠራጥርም። በባንግላዴሽ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ደመወዛቸው በሂሳብ የሚገባላቸው ሠራተኞች በጊዜ ሂደት የሂሳቡን አጠቃቀም እየተማሩ እንደሚሄዱና ቁጠባቸውም እንደሚሻሻል አሳይቷል። በራሷ ስም ሂሳብ ያላት የአበባ እርሻ ሠራተኛ ገንዘቧ ቤት ከመድረሱ በፊት ሳትነካው ልታቆየው፣ ለወላጆቿ በስልክ ልትልክ፣ ለዕቁቧም ልታስተላልፍ ትችላለች።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ቦታ ነው። ለምሳሌ 5,000 ብር መሠረታዊ ደመወዝ ያለውን ሠራተኛ እንውሰድ። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈጻሚ በሆነው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው፤ ቀጣዩ 2,000 ብር 15 በመቶ፣ የቀረው 1,000 ብር 20 በመቶ ስለሚከፈልበት ግብሩ 500 ብር ይሆናል። በቀድሞው ማስከፈያ ልክ ከዚሁ ደመወዝ ይቆረጥ የነበረው 697 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛው 7 በመቶ ማለትም 350 ብር ያዋጣል፤ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ፣ 550 ብር ከራሱ ይጨምራል። ሌላ ተቀናሽ ከሌለ ሠራተኛው እጅ የሚገባው 4,150 ብር ነው። ስልኩ ላይ የሚደርሰው የባንክ መልእክት የሚነግረው ግን የገባውን ድምር ብቻ ነው። ግብሩ በአዲሱ ማስከፈያ ይሁን በአሮጌው፣ የሌሊት ትርፍ ሰዓት በሕጉ መሠረት በ1.75 ተባዝቶ ይሁን በመደበኛው ሒሳብ፣ የጡረታው 350 ብር ለፈንዱ ተላልፎ ይሁን በድርጅቱ ካዝና ቀርቶ ከመልእክቱ ማወቅ አይቻልም።

ድሮ ከፊርማው ጋር ይቀርብ የነበረው መረጃ የጠፋው እዚህ ላይ ነው። ጥፋቱን በባንኩ ላይ መጫን ስህተት ይሆናል፤ ባንኩ የታዘዘውን አስገብቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አሠሪው ጥቅል ክፍያውንና የአሰላሉን ስልት፣ የተቀናሹን መጠንና ዓይነት፣ የተጣራውንም የያዘ መዝገብ እንዲይዝ፣ ሠራተኛው ሲጠይቅም እንዲያሳየውና እንዲያስረዳው ያስገድዳል፤ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም በማናቸውም ሁኔታ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ይህ ግዴታ ክፍያው ከመስኮት ወደ ባንክ በመዛወሩ አልተሻረም። በብዙ ድርጅቶች ግን የክፍያ ዝርዝር ወረቀት የሚሰጠው ለቢሮ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ የማምረቻ ክፍሉ ሠራተኛ የሚያየው የስልኩን መልእክት ነው። ሥራው ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ፔይሮሉን የሚያዘጋጀው የኮምፒውተር ፕሮግራም የእያንዳንዱን ሠራተኛ ዝርዝር ለብቻው ማተም ይችላል፣ ድርጅቱ ከፈለገም በስልክ መላክ ይችላል። የሚጎድለው የጠያቂ ግፊት ነው፤ ስለዚህም የሠራተኛ ማኅበራት በኅብረት ስምምነታቸው ውስጥ የወር ዝርዝር መስጠትን አንድ አንቀጽ አድርገው ሊያስገቡ ይገባል፤ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎችም ፋብሪካ ሲጎበኙ የደህንነት ጫማና የእሳት ማጥፊያ እንደሚጠይቁት ሁሉ የክፍያ ዝርዝሩንም ሊጠይቁ ይገባል።

በሱሉልታም ሆነ በሰበታ ደመወዙ በሂሳቡ የሚገባለት ሠራተኛ ሁለት ነገር ይወቅ። በመዝገቡ ላይ የተጻፈውን ያለ ተቃውሞ መቀበሉ የቀረውን ደመወዝ የመጠየቅ መብቱን አያሳጣውም፤ ሆኖም የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንስቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ዝርዝሩን በየወሩ ይጠይቅ።