በጠባብ ሥፍራ የሞተር ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ስለ መትከል

ንግድ የሚለማው ዕቃ በጊዜው ከገበያ ሲደርስ ነው። ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ ቲማቲም ጭና ወደ አዲስ አበባ የምትጓዝ አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና ሞተሯ ፈልቶ በመንገድ ብትቆም የጠዋቱ ገበያ ያመልጣል፤ ቲማቲሙ በፀሐይ ይበላሻል፤ ባለዕቃውም የመኪናውን ኪራይና የዕቃውን ኪሳራ በአንድነት ይሸከማል። ሙቀቱ በርትቶ ቴስታታው የተጣመመ ወይም ጓርኒሲዮኑ የተቃጠለ እንደሆነ ደግሞ ጉዳቱ የወራትን ትርፍ የሚበላ ይሆናል።

የኢትዮጵያ መልክዐ ምድር ለሞተር ማቀዝቀዣ ከባድ ፈተና ነው። ይህች መኪና ከ1,600 ሜትር ከፍታ ገደማ ተነሥታ ከ2,300 ሜትር በላይ ወዳለችው አዲስ አበባ ትወጣለች። ከፍታው በጨመረ መጠን አየሩ ይሳሳል፤ በአዲስ አበባ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል የቀለለ ነው። ስለዚህ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ሙቀቱን ተሸክሞ የሚሄደው አየር ያነሰ ነው። በክፍት ዕቃ ያለ ውሃም በአዲስ አበባ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ደኅና የራዲያተር ክዳን ግፊቱን አፍኖ በመያዝ የመፍያውን ደረጃ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፤ ክዳኑ ከላላ ግን ይህ ጥቅም ይቀራል። በመሆኑም አዲስ ማራገቢያ ከመግዛት አስቀድሞ ክዳኑን፣ ቴርሞስታቱን፣ የውሃ ፓምፑንና የራዲያተሩን ንጽሕና ማስመርመር ይገባል።

የሥፍራ ጥበት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የቀድሞው ሞተር ወጥቶ ከሌላ ዐይነት መኪና የተገኘ ረዘም ያለ ሞተር ሲገባ ነው። ያን ጊዜ በራዲያተሩና በውሃ ፓምፑ ፑሌጃ መካከል ያለው ክፍተት ይጠብና በሞተሩ ኃይል የሚዞረው ማራገቢያ ቦታ ያጣል። አንዳንድ ባለመኪና ማራገቢያውን አስወልቆ በነፋስ ብቻ መጓዝን ይመርጣል። በሜዳ ላይ በፍጥነት ለሚሄድ መኪና ነፋሱ ሊበቃ ይችላል፤ ጭነት ይዞ በዝግታ ዳገት ለሚወጣ ወይም በገበያ በር ተጨናንቆ ለቆመ ግን አይበቃም። መፍትሔው ስስ የሆነ፣ በኤሌክትሪክ የሚዞር ማራገቢያ ነው። ይህም ለቀላል መኪናዎች የሚስማማ ነው፤ የከባድ ካሚዮን ማራገቢያ ከሞተሩ እጅግ ብዙ ኃይል ስለሚወስድ በትንሽ ኤሌክትሪክ ማራገቢያ ሊተካ አይችልም።

የሥራው መጀመሪያ ልኬት ነው። በሞተሩ ላይ ከሁሉ ይልቅ ወደ ፊት የወጣው ዕቃ ከራዲያተሩ ምን ያህል እንደሚርቅ መታወቅ አለበት። ሜትር በማይገባበት ቦታ ጥቂት ሊጥ በማራገቢያው ጀርባ ለጥፎ ማራገቢያውን ወደ ሥፍራው ማስገባትና ካወጡት በኋላ የተጨፈለቀውን ሊጥ ውፍረት መለካት ነው። ሞተር በጎማ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይገፋል፤ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ባዶ ቦታ መትረፍ ይገባዋል። ክፍተቱ 10 ሴንቲሜትር፣ የማራገቢያው ውፍረት 6.5 ቢሆን የሚተርፈው 3.5 ነውና መልካም ነው። ክፍተቱ 8 ብቻ ከሆነ የሚተርፈው 1.5 ነውና አይበቃም። ሆኖም የማራገቢያው ወፍራም ክፍል መካከሉ፣ ይኸውም የራሱ ሞተር ያለበት ሥፍራ ነው። ስለዚህ አንዱን ትልቅ ማራገቢያ ወደ ጎን አሽሽቶ ወይም ሁለት ትንንሾችን ከፑሌጃው ግራና ቀኝ አድርጎ መትከል ይቻላል።

ማራገቢያው የሚመረጠው ቦታ ከራዲያተሩ በስተኋላ ሆኖ አየሩን ወደ ሞተሩ እንዲስብ ነው። ከፊት ሲተከል በጉዞ ጊዜ የሚገባውን ነፋስ ይጋርዳል፤ ከኋላ ቦታ ፈጽሞ ሲታጣ ብቻ ይህን ማድረግ ይፈቀዳል። ራዲያተሩን ሸፍኖ አየሩን ወደ ማራገቢያው የሚመራ ቀፎ ሊኖረው ይገባል፤ ያለዚያ ማራገቢያው የሚስበው ከፊቱ ባለው ክብ ቦታ ብቻ ሲሆን የቀረው የራዲያተር ክፍል ሥራ ይፈታል። በራዲያተሩ ክንፎች መካከል በሚሾልክ የፕላስቲክ ማሰሪያ ማሰር ርካሽ ይመስላል፤ ንዝረቱ ግን ቱቦዎቹን እየፋቀ ያፈሳቸዋል። በብረት ድጋፍ ከራዲያተሩ ክፈፍ ጋር በቡሎን ማሰር ይሻላል። ሥራው ሲያልቅ ከራዲያተሩ ፊት ወረቀት ይያዝ፤ ወረቀቱ ከተለጠፈ አየሩ በትክክል ይሳባል፤ ከተገፋ ግን አዟዟሩ የተገላቢጦሽ ነው።

የኤሌክትሪኩም ነገር እንደ ቀላል አይታይ። 20 አምፔር የሚስብ ማራገቢያ በ12 ቮልት 240 ዋት ይፈጃል፤ ሲነሣ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ በሾፌሩ ማብሪያ በኩል በቀጭን ሽቦ ሳይሆን ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ገብቶለት በሪሌና በወፍራም ሽቦ ይሠራ። ባለ 24 ቮልት መኪና ላይ ባለ 12 ቮልት ማራገቢያ ቢገጠም ይቃጠላል። ሙቀቱን ተመልክቶ የሚያበራው መሣሪያም ቴርሞስታቱ ከሚከፈትበት ከፍ ባለ ደረጃ ይስተካከል፤ ያለዚያ ማራገቢያው ዕረፍት አያገኝም።

በመጨረሻም ስለ ሰው ደኅንነት ማሰብ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ማራገቢያ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በድንገት ሊነሣ ይችላልና የባትሪው ገመድ ሳይፈታ ማንም እጁን አያስገባ። የጋለ ራዲያተር ክዳንም እስኪበርድ አይከፈት፤ የሚፈናጠረው ውሃ ፊትና ዐይን ያቃጥላል። ጥሩ ማራገቢያ፣ ቀፎና የመካኒክ ዋጋ በአንድነት ቢደመሩ ከአንድ የሞተር ዕድሳት ወጪ ያነሱ ናቸው፤ አባቶችም ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ስለዚህ ዐይነቱ ነገር ነው።