ከሕልም ወደ ዕቅድ

«ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ተብላ ያልተጠየቀች ልጅ የለችም። ሕፃን ሳለች «ዶክተር» ብላ ስትመልስ ዘመድ አዝማድ ይስቃል፤ ይመርቃታልም። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ግን ጥያቄው ከጨዋታነት ያልፋል።

አሜሪካዊው ምሁር ኤሊ ጊንዝበርግና ባልደረቦቻቸው በ1951 እ.ኤ.አ. እንደገለጹት፣ ልጅ እስከ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ የሚመኘው ያሻውን ነው። ከዚያ እስከ አሥራ ሰባት ዓመቱ ዝንባሌውንና ችሎታውን ይመዝናል። ምኞቱን ከኑሮው ጋር የሚያስታርቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ለምሳሌ ያህል በጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ አባቷ ሸማኔ እናቷ ፈታይ የሆኑ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። አያቷ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው ልጆች ያሳደጉ ናቸው። እርሷም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለአባቷ ማግ ታጠነጥናለች፤ ታናናሾቿን ትጠብቃለች። እናቷን ለማስታመም ጳውሎስ ሆስፒታል በሄደችበት ቀን ግን ነርሷን አይታ ልቧ እዚያው ቀረ። የወጣት ሕልም ብዙ ጊዜ የሚጸነሰው እንዲህ ዓይን ካየው ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ሕልሙን በመቀበል ረገድ በየቤቱ ሁለት ስሕተቶች ይፈጸማሉ። አንደኛው «ይህ ለእኛ ቢጤ አይደለም» ብሎ ምኞቷን ማጨናገፍ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተስፋዋን ሁሉ በአንድ ፈተና ላይ ማንጠልጠል ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ ሰነፎች ነበሩ ማለት አይቻልም። ሌላ መንገድ ያላሰበ ወጣት ግን እንዲህ ያለ ቀን ሲገጥመው መድረሻ ያጣል።

ሸማኔው አባት ይህን ከሥራው ያውቀዋል። ጥለቱ የሚያምረው ድሩ አስቀድሞ በወጉ ሲደወር ነው። የልጅቱም ዕቅድ ከቅርቡ ይጀመር። የሚከብዳት ትምህርት የትኛው ነው? ማንስ ያስጠናታል? ማጉን ወንድሟ ቢያጠነጥን በቀን ስንት ሰዓት ታገኛለች? ዩኒቨርሲቲው ባይሳካ በቴክኒክና ሙያ በኩል የትኛውን ሙያ ትይዛለች?

እናቶችና አባቶች፣ «ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ አትነሡ። «ለዚህስ ዘንድሮ ምን እናድርግ?» በሉ። ልጅቱ ብቻዋን እንዳልሆነች የምታውቀው ይህን ስትሰማ ነው።