ለልጆች ሲነገር የሚያጥረው ታሪክ

በእስራኤል፣ በቤርሳቤህ ከተማ ሽኩና ሄ በሚባለው ሰፈር የሚያድግ ልጅ፣ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲጓዙ ላለቁት ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) በኢየሩሳሌም ሃር ሄርዝል ላይ ስለቆመው መታሰቢያ ሲጠይቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ አያቶችህ በእግር ተነሡ፣ በሱዳን ብዙ ሰው አለቀ፣ በመጨረሻ አውሮፕላን መጥቶ አመጣቸው። ሐሰት የለበትም። ግን የእኛ ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ሄደው ከመሞት በቀር ሥራ የላቸውም፤ የሚያስበውም የሚወስነውም ሌላ ነው። ለልጆች መታሰቢያውን ማስረዳት መጀመር ያለበት ከዚህ ከጎደለው በኩል ይመስለኛል።

ለዚህ ከፈረደ አክሉም የተሻለ መነሻ አላውቅም። ይህ የትግራይ ቤተ እስራኤል በደርግ ዘመን ሲታደን ወደ ሱዳን ተሻገረ፣ ከካርቱምም የድረሱልን መልእክት ላከ። የእስራኤል የስለላ ድርጅት የሞሳድ ሰው ፈልጎ ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥሪው ቀደመ፣ መንግሥት ተከተለ። ፈረደም በሱዳን በኩል መንገድ እንዳለ ወደ አገር ቤት መልእክት ላከ። መጀመሪያ የትግራይና የወልቃይት ቤተ እስራኤል መጡ፤ የጎንደሩ ሕዝብ በኋላ ጎረፈ። ሌሊት እየተጓዙ፣ ቀን ጫካ እየተደበቁ፣ ሽፍታ እየዘረፋቸው። በሱዳኗ ገዳሪፍ «ኮሚቴ» የሚባሉት ወጣቶች አይሁድነታቸውን ደብቀው ገንዘብ ያከፋፍሉ፣ የተረኛ ቤተሰቦችን ስም ይይዙ፣ በጨለማ ሰዉን ወደ መኪና ያደርሱ ነበር። ቢያዙ እስርና ግርፋት ነው። በሱዳን በኡም ረኩባ የስደተኞች ካምፕ ደግሞ በ1984 እ.ኤ.አ. በሽታ ሕፃናቱንና ሽማግሌዎቹን ፈጀ። በመንገድና በካምፕ ያለቁት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ዘመቻ ሙሴ በተባለው የእስራኤል የአውሮፕላን ማመላለሻ የወጡት ደግሞ 8,000 ገደማ ናቸው፤ ወሬው ሲወጣ በረራው ቆመ።

ድንጋይ ታሪክን ማሳጠሩ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በዋሽንግተን በ2011 የተመረቀው የማርቲን ሉተር ኪንግ ሐውልት ከ1968 ስብከቱ የተወሰደ ቃል ተቀርጾበት ነበር። ሰውየው «እንዲህ ልትሉኝ ከፈለጋችሁ» በሚል መንፈስ የተናገረውን ቀራጮቹ ቆርጠው ራሱን እንደሚያወድስ አስመሰሉት። ክርክሩ በርትቶ ጽሑፉ በ2013 ተፋቀ። እዚያ የጠፋው የአንድ ሰው ትሕትና ነው፤ እኛ ዘንድ የሚጠፋው የአንድ ሕዝብ ውሳኔ ነው።

ፈረደን ማጉላት ሌላውን ያስረሳል የሚል ይኖራል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ መንገድ መሪዎች፣ ቀሳውስት አሉ። ነገር ግን ሕፃን «4,000» ቢሉት ምንም አይታየውም፣ አንድ ሰው ሲያውቅ ስለሌሎቹ ይጠይቃል። ሞት ለልጅ አይነገርም የሚሉም አሉ። በሰፈራችን የሙት ዓመት ተዝካር ሲወጣ ልጆች ከጎን ተቀምጠው ይበላሉ፤ ሞትን ያውቃሉ፣ የማያውቁት ማን እንደነበሩ ነው።

ከባዱ የቀኑ ጉዳይ ነው። መታሰቢያው የሚውለው በዕብራውያን አቆጣጠር ኢያር 28፣ በዮም ዬሩሻላይም (በኢየሩሳሌም ቀን) ነው። ሰዎቹ ያለቁት ኢየሩሳሌም እንገባለን ብለው ስለሆነ ምርጫው ትርጉም አለው። ሆኖም የዚያን ዕለት ትምህርት ቤቱ በባንዲራና በዘፈን የተያዘ ነው፤ ለሐዘኑ የምትደርሰው አንዲት የጠዋት ሰዓት ብትሆን ነው። ስለዚህ መምህራን ትምህርቱን ከፋሲካ ማግስት ቢጀምሩት፣ ከሽኩናው ሽማግሌዎችም አንዱን ወደ ክፍል ቢጋብዙ፣ ልጁ ኢያር 28 የሚደርሰው ጥያቄ ይዞ ይሆናል።